የሁለት ኪሎ ሜትሯ ሜሮን

እኛ ቤት «አይሆንም» የሚባል ቃል ለልጅና ለጥጃ እንጂ ለእንግዳ አይነገርም ነበር። ያደግሁት ቋሪት ውስጥ፣ ከገበዝ ማርያም ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አንድ የማይታወቅ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ካለ፣ አባቴ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በቅሎ አለህ?» የሚል። ካለው ለበቅሎዋ ሣር፣ ለሰውየው መደብ። አንዴ አንድ የበርበሬ ነጋዴ መጥቶ አባቴ የራሱን መደብ ለቀቀለት፤ ሰውየው ሦስት ቀን ተኛ። በአራተኛው ቀን «ቤቱስ ጥሩ ነበር፣ ቁንጫው በዛ እንጂ» ብሎ ተነሣ። አባቴ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘው። ስለ ቁንጫውም ይቅርታ ጠየቀው።

እንዲህ ያለ አስተዳደግ ለሰማይ ቤት ጥሩ ነው። ለኮምፒውተር ግን መቅሠፍት ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ያውም ትዳሬን በአፍጢሙ ልደፋው ጥቂት ሲቀረኝ።

ቡሬ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። በውስጧ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ እኔ አለን። ከበሩ በላይ «ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሣለን» ይላል። «እንጽፋለን» ማለቴ ውስጥ ብዙ ሠራተኛ ያለ እንዲመስል ነው። ደንበኛ ሲጠፋ ግጥም እጽፋለሁ። ደንበኛ ሲመጣም አንዳንዴ ማቆም ያቅተኛል። በቀደም አንድ ገበሬ መታወቂያቸው ጠፍቶባቸው ለቀበሌ ማመልከቻ አጻፉኝ። እኔም መግቢያው ላይ እንዲህ አልኩላቸው፤

መታወቂያዬ ሆይ፣ ከኪሴ የበረርሽ፣
ቀበሌው ይጠይቃል፣ የት ይሆን ያደርሽ?

የቀበሌው ጸሐፊ ኅዳጉ ላይ «አመልካቹ የጠፋባቸው መታወቂያ ነው ወይስ ሚስት? ይብራራ» ብሎ መለሰው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ይታይሽ የምትባል መምህርት አለች። እዚሁ ቡሬ ታስተምራለች፤ ቤተሰቦቿ ግን ፍኖተ ሰላም ናቸው። አንድ ቀን የተማሪዎቿን ፈተና ልታባዛ መጣች። እኔ ፈተናው ላይ ሁለት ስሕተት አገኘሁባት፤ እሷ ማስታወቂያዬ ላይ አራት አገኘችብኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሴት አላየሁም። ዓመት ከመንፈቅ ከተነጋገርን በኋላ ወደ አባቷ ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ መሪጌታ አላምረው ይባላሉ፤ የቅኔ መምህር ናቸው። ሽማግሌዎቼ ክብሬን ከፍ ለማድረግ ብለው «ቡሬ ላይ የራሱ ቢሮ ያለው፣ ግጥምም የሚጽፍ ልጅ ነው» አሏቸው። መሪጌታም እንደ ወጉ «እንጠይቅ፣ እናጣራ» ብለው መለሷቸው።

እኛ አገር «እናጣራ» ማለት የአፍ ነገር አይደለም። የልጅ አባት ሰባት ቤት ይዞራል። አያትህ ምን ሠርተው እንደሞቱ፣ ስትጠጣ የሚያስለቅስህ ወይም የሚያጣላህ እንደሆነ፣ ሁሉን ይጠይቃል። ስለዚህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ሱቄ የሚገባ ሽማግሌ ሁሉ አጣሪ መሰለኝ። አንዲት ወረቀት ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የመጡ አዛውንትን እስከ ባጃጃቸው ድረስ ደግፌ ወሰድኳቸው። ሰውየው «ምን አድርጌህ ነው?» እያሉ ሊያለቅሱ ደረሱ።

እንግዲህ ሰው ገና እሺ ሳይባል የሠርግ ጥሪ ወረቀት ያዘጋጃል? እኔ አዘጋጀሁ። ለጥሪው ወረቀት እንደ ብራና ጽሑፍ የሚያምር ፊደል ፈለግሁና ኢንተርኔት ውስጥ ገባሁ። በነጻ የሚሰጥ አንድ ቤት አገኘሁ። «አውርድ» የሚሉ አራት ቁልፎች ተደርድረዋል፤ አራቱም አረንጓዴ ናቸው። አንዱን ብጫን ሦስቱ ቅር የሚላቸው መስሎኝ አራቱንም ተጫንኩ። ወዲያው ከላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። «ይህ ገጽ መልእክት ሊልክልዎ ይፈልጋል» ትላለች። ከሥሯ «ፍቀድ» እና «አግድ» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ።

ደጅ ቆሞ በአንቱታ የሚጠይቅን «አግድ» ማለት ከእኔ እጅ አይወጣም። ፈቀድኩ። ሌላው ጠየቀ፤ ፈቀድኩ። ሦስተኛው ሳይጠይቅ በፊት ጣቴ እዚያው ይጠብቀው ነበር። ፊደሉ ግን አልወረደም።

በማግሥቱ ከስክሪኑ በስተቀኝ ከታች በኩል «ቲንግ» አለና አንድ ሳጥን ወጣ። እንኳን ደስ ያለዎ፣ ስልክ ተሸልመዋል ይላል። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ለይታይሽም ደወልኩላት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደም የመሰለ ቀይ ሳጥን መጣና ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል፣ ሊሞት ነው አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሜሮን መጣች።

ሜሮን ፀጉሯ እንደ ገብስ አዝመራ ቢጫ፣ ዓይኗ ሰማያዊ ነው። ልብሷን በተመለከተ፣ ስለሌለ ነገር ምን ይጻፋል? ከፎቶዋ ሥር «ሰላም ውድ ሰውዬ። ሜሮን ከእርስዎ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ናት። ልታገኝዎ ትፈልጋለች» ይላል። ከሱቄ ሁለት ኪሎ ሜትር በየትኛውም በኩል ብትሄድ ያለው የእህል መጋዘን፣ የበቆሎ ማሳና የአንድ ዘመዴ ወፍጮ ቤት ነው። እንዲህ ያለች ልጅ እዚያ ውላ ብታድር ኖሮ ቡሬ በሙሉ ያወራት ነበር።

ጎረቤቴ ጌታነህ ይባላል። ሞባይል ይጠግናል፣ እግረ መንገዱንም ሰው ይሰድባል። ሄጄ ነገርኩት።

«የፈቀድክላቸውን ሁሉ አውጣቸው» አለኝ፣ ዓይኑን ከሚበይደው ስልክ ሳያነሣ። «ሴቲንግ ውስጥ ግባ፤ ስማቸው ተደርድሮ ታገኘዋለህ።»

«ፈቅጄ ካስገባሁ በኋላ ውጡ ልበላቸው?»

«ምናለበት፣ ሰው አይደሉ።»

«እነሱ ሰው ባይሆኑ እኔ ሰው ነኝ።»

«እሱንም እየተጠራጠርኩ ነው» አለና ብየዳውን ቀጠለ።

ተናድጄ ወጣሁ። በራሴ ጥበብ ልገላገላቸው ቆረጥኩ። መጀመሪያ ሜሮን ስትመጣ ጥጓ ላይ ያለችውን የኤክስ ምልክት ተጫንኳት፤ እንድትዘጋ። ምልክቷ የሥዕሉ ክፍል ኖራ እሷም ማስታወቂያ ናት። አንዷ ሜሮን ሄዳ ሦስት እኅቶቿን ይዛ ተመለሰች። ቀጥዬ ያንን ቀይ ሳጥን አመንኩት። «ኮምፒውተርዎን የሚያጸዳ ፕሮግራም ያውርዱ» ሲለኝ አወረድኩ። ጅብን የፍየል ጠባቂ አድርጎ መቅጠር ማለት ይህ ነው። ጽዳቱ ከገባ ወዲህ ኮምፒውተሩ አንዲት መስመር ስጽፍ ለሁለተኛዋ ማረፍ ጀመረ፤ ሜሮንም በቀን ሁለቴ ትመጣ የነበረችው በየሩብ ሰዓቱ ሆነች።

በመጨረሻ የደረስኩበት መላ የገጣሚ መላ ነበር። ሜሮን ሁልጊዜ የምትወጣው በዚያው በቀኝ ጥግ ነው። እዚያ ላይ «ፎቶ ኮፒ በጥራት» የሚል ወረቀት ቆርጬ በፕላስተር ለጠፍኩበት። እንግዲህ ከወረቀቱ ሥር የፈለገችውን ታድርግ። መጀመሪያ ያሰብኩት የቅዱስ ሥዕል ልለጥፍባት ነበር፤ በኋላ ግን ቅዱሱን ከእሷ ጋር በአንድ ጥግ ማዋል ኃጢአት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በዚህ መልክ አንድ ሳምንት በሰላም ኖርን። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሱቄ በር ጨለመ። ቀና ብል ነጭ ጋቢ፣ ነጭ ጥምጥም፣ ጥቁር ጃንጥላ። መሪጌታ አላምረው ናቸው። እሳቸው እኔን አይተውኝ አያውቁም። እኔ ግን አንድ የንግሥ ቀን ከሩቅ፣ በመሪጌቶቹ መካከል መቋሚያ ይዘው አይቻቸዋለሁ። የወደፊት አማት እንዴት ይረሳል?

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ። ከእኔ በቀር ሰው የለም፤ ቤቱን ነው ሰላም ያሉት።

ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ወንበሩን በእጄ ጠረግሁ፣ አልበቃኝም፣ በኮቴ ደገምኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔታ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«የኔታ መሆኔን በምን አወቅህ?»

«በ... በጥምጥምዎ።»

«ጥምጥም ቄሱም ያስራል።»

«በአነጋገርዎ ነው እንግዲህ።»

«እንደምን ዋላችሁ ነው ያልኩት» አሉና በጥርጣሬ አዩኝ።

ይኸው፣ ማጣራቱ ተጀመረ አልኩ በሆዴ። እኔ ማን እንደሆንኩ አውቀው የመጡ፣ ግን የማያውቁ መስለው ሊመረምሩኝ የፈለጉ መሰለኝ። እኔም የማላውቃቸው መስዬ ልመረመርላቸው ወሰንኩ።

«የደብራችን ጣራ ያፈሳል» አሉ። «ለወረዳው ቤተ ክህነት አንዲት ደብዳቤ ጻፍልኝ።»

መጻፍ ጀመርኩ። ግጥም እንዳያመልጠኝ ምላሴን ነክሼ ነው የምጽፈው። እሳቸው ግን ሐሳባቸው ደብዳቤው ላይ አይደለም። አንድ ቃል ይሉና ወደ በሩ ያያሉ፤ አንድ ቃል ይሉና ወደ ኮምፒውተሩ ያያሉ። ንብረቴን እየቆጠሩ ነው አልኩ። ቆጥረው ቶሎ እንደሚጨርሱት አሰብኩና ደነገጥኩ።

«ይህ መሣሪያ» አሉ ቆይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከደብዳቤ ሌላ፣ እንዲያው ሳይጠሩት የሚመጣ ነገር ያሳያል?»

አንድ ሰው ነግሯቸዋል። ጌታነህ ነው፤ ሌላ ማንም አያውቅም።

«የእኔ አያሳይም፣ የኔታ። የእኔ ጨዋ ነው።»

«ጨዋ ነው?»

«ዓይነ አፋር ነው ቢባል ይቀላል።»

መሪጌታ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ፊታቸው ወደቀ። ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት በጃንጥላው ጫፍ አሳዩኝ።

«ከዚህች ወረቀት ሥር ያለውን ጽሑፍ እንዴት ታነበዋለህ?»

«በቃሌ እይዘዋለሁ።»

«ገና ያልጻፍከውን?»

ከመልስ ሥራ ይሻላል ብዬ ደብዳቤውን ወደ ፕሪንተሩ ላክሁት። የእኔ ፕሪንተር ሲያትም እንደ ወፍጮ ነው፤ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ስክሪኑ ይወዛወዛል። ፕላስተሩ ከአንድ በኩል ሲላቀቅ አየሁት። እጄን ሰደድኩ። ወረቀቷ ከእጄ ቀድማ እንደ ቅጠል እየተንሳፈፈች መሪጌታ እግር ሥር አረፈች።

ቲንግ አለ።

ሜሮን ወጣች። ከሁለት ኪሎ ሜትር ወዲህ አልቀረበችም፤ ልብስም አልጨመረችም።

ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ይታይሽን አሰብኩ። በመጪው ዓመት የሌላ ሰው የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ ስሟን በእጄ ስጽፍ ታየኝ። መሪጌታ ግን አላማተቡም፣ አልተነሡምም። ከኪሳቸው መነጽር አውጥተው አደረጉ፤ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ጊዜ ወስደው አዩ።

«ይቺን ልጅ አውቃታለሁ» አሉ።

«ያውቋታል?»

«ሦስት ወር ሆነኝ።» ወደ ደጅ ተመለከቱ። «በሩን ገርበብ አድርገው።»

ገርበብ አደረግሁ። ከጋቢያቸው ሥር አንድ መሐረብ አወጡ። መሐረቡን ሲፈቱት ሌላ መሐረብ፣ እሱን ሲፈቱት አንድ ትልቅ የእጅ ስልክ። ከስልኩ ላይ የጤፍ ፍሬ ረገፈ።

«ልጄ ነው ከአዲስ አበባ የላከልኝ» አሉ። «ስብከት ልሰማ ብዬ ከፈትኩት። 'ይፈቅዳሉ ወይ' ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። በትሕትና የጠየቀን እንዴት እከለክላለሁ? ፈቀድኩ። ከዚያ ይቺ ልጅ መጣች። አንድ ቀን የሰበካ ጉባኤ ተቀምጠን ሳለ ከኪሴ ጮኸ። ምንድን ነው ሲሉኝ ኔትወርክ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጤፍ ጎታ ውስጥ ቀብሬው ነው የኖርኩት። ቤተሰቡ አይጥ እንዳይበላው የሸሸግሁት ይመስለዋል። ባለቤቴ ፊደል አትቆጥርም፤ ሥዕል ግን ታያለች።»

«ፍኖተ ሰላም ላይ የሚጠግን አጡ?»

«ፍኖተ ሰላም ላይ የሚጠግነው ሁሉ ወይ ያስተማርኩት ነው ወይ የተማሪዬ ልጅ። ይህን ባሳየው ለቀጣዩ በዓል ቅኔ ይዘርፍብኛል። ለዚህ ነው እዚህ ከምታስተምረው ልጄ በቀር የሚያውቀኝ ወደሌለበት አገር የመጣሁት። ጣራችን አያፈስም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ምን ልበል? ያ ሁሉ ወደ በር ማየት ንብረቴን መቁጠር አልነበረም። የእኔን «ጨዋ ነው» ሲሰሙ ፊታቸው የወደቀው ብቻቸውን የቀሩ ስለመሰላቸው ነው።

«ታወጣታለህ?» አሉኝ።

የእኔን ሳላወጣ የሳቸውን ማውጣት እንዴት እችላለሁ? «አንድ ጊዜ ይታገሡኝ» ብዬ ወደ ጌታነህ ሮጥኩ። ክብሬን ከደጅ ጥዬ ገባሁ።

«እንዴት ነው የሚወጡት?»

«ማን? እንግዶችህ?»

«ዛሬ አትስደበኝ። ነገ የሁለቱን ቀን ባንድ ላይ ትሰድበኛለህ።»

ፊቴን አይቶ መሰለኝ በሥርዓት ነገረኝ። ሴቲንግ፤ ከዚያ የገጾች ፈቃድ፤ ከዚያ ማሳወቂያ የሚለው። የፈቀድክላቸው እዚያ ተሰልፈዋል፤ አንድ በአንድ አግድ። በሥዕሉ ላይ ምንም አትንካ፤ ገጹን ራሱን ዝጋው። «ጽዳት» ብለህ ያስገባኸውን ደግሞ ነቅለህ ጣል። ወደፊት የማታውቀው ገጽ ሲጠይቅህ አግድ በለው፤ አይቀየምህም። ይህን ሁሉ ጻፍኩና ተመለስኩ።

የመሪጌታ ስልክ ውስጥ አሥራ አራት ስም ተገኘ። እኔ ስሙን ሳነብ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ውግዘት እንደሚያነብ ሰው በዜማ «ይታገድ» ይላሉ፤ እኔ እጫናለሁ። አሥራ አራተኛው ሲታገድ ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ኮምፒውተር ዞርን። ሠላሳ አንድ ስም።

«አንተስ ከእኔ ባስህ» አሉ፣ በሐዘኔታ። የእኔንም በዜማ አወገዙልኝ። ጽዳቱንም ነቅለን ጣልነው። አንድ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ሁለተኛውንም ጠበቅን። ሜሮን አልመጣችም።

«አሁን ይህች ልጅ የት ትሄዳለች?» አሉ መሪጌታ።

«የትም የለችም፣ የኔታ። ሁለት ኪሎ ሜትር የሚለው ለሁሉም ሰው ነው። ስሟም ስሟ አይደለም።»

«አይደለም?» ትንሽ አዘኑ። «ራቁቷን ስትንከራተት ሦስት ወር ሙሉ በጸሎት አስቤያታለሁ። ስመ ክርስትናዋን ስለማላውቅ ሜሮን እያልኩ።»

ከዚያ ተነሡ። ስልካቸውን በአንድ መሐረብ ብቻ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ሊመርቁኝ እጃቸውን አነሡ።

«ለአንተ እንኳ በትክክል ልጸልይ። ስመ ክርስትናህ ማን ነው?»

«ወልደ ኪዳን።»

«የማን ልጅ ነህ?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። ለምርቃት በተነሣ እጅ ሥር ግን እንዴት ይዋሻል?

«የአቶ እንየው። ከገበዝ ማርያም።»

እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ግጥም ይጽፋል የተባለው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ቢሮ አለው የተባለው?» አግዳሚውን፣ ፕሪንተሩን፣ መሬት የወደቀችውን «ፎቶ ኮፒ በጥራት» አዩ። «ይህ ነው ቢሮው?»

«ይህ ነው።»

«ስገባ አውቀኸኛል?»

«አውቄዎታለሁ። ሊያጣሩኝ የመጡ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ደጅ አንድ የአውቶቡስ ረዳት የነቀምቴ መንገደኛ ይጠራል። መሪጌታ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ አገጫቸውን እጀታው ላይ አሳረፉ። እኔ ቆሜያለሁ። ይታይሽን ሊሰጡኝ ወይም ሊነፍጉኝ እዚያው ፊቴ እየመከሩ ነው፤ የሚመክሩት ግን ከራሳቸው ጋር ስለሆነ መግባት አልቻልኩም።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ምስጢሩ ሰው እጅ የገባበት ሰው ሁለት መንገድ አለው። ወይ ሰውየውን ዘመድ ያደርጋል፣ ወይ አገሩን ለቅቆ ይሄዳል።»

ተነሥተው በሩን በሰፊው ከፈቱት።

«እኔ አርባ የቅኔ ተማሪ ጥዬ የትም አልሄድም። ሽማግሌዎችህን ለእሑድ ላካቸው።»